ትሬድ ስጨምር የቃላቱ ድምር ለምን ይለዋወጣል? (ጃቫ፣ ጀማሪ ነኝ)

ጸሐፊዋ ከቱሉ ዲምቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። ቀን ቀን እዚሁ ሰፈር አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የእድር ደብዳቤ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ማታ ማታ ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እማራለሁ።

አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ሰው ከፍሎ ያጻፈው ማመልከቻ ላይ አንዲት ፊደል ትገደፋለች። «አመልካች» የሚለው «አመካች» ይሆናል። ሰውየው ታክሲ ተሳፍሮ ወረዳ ድረስ ሄዶ «አስተካክለህ ና» ይባላል። እንግሊዝኛ ቢሆን ኮምፒውተሩ ከሥሩ ቀይ ያሰምርበታል። አማርኛ ላይ ግን የእኛ ቤት ኮምፒውተር ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ገጹን በሙሉ ቀይ በቀይ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ የፊደል ግድፈት ጠቋሚ ልሠራ ተነሣሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ሰብስቤ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ እቆጥራለሁ። ጭራሽ ያልታየ ወይም ከስንት አንዴ የታየ ቃል ስጽፍ «እስቲ ይህን ደግመሽ እይው» ይለኛል።

የሰበሰብኩት ጽሑፍ 12 ፋይል ነው፤ በድምሩ 3 ጊጋባይት ገደማ። አንዱ ፋይል ብቻውን ከግማሽ በላይ ይይዛል። በአንድ ትሬድ (ፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ሲቆጠር በትክክል ይሠራል፤ ግን ይቆያል። ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ መብራት ከጠፋ ባትሪው ሥራውን አያስጨርሰውም። 4 ኮር (ለየብቻ ማስላት የሚችሉ የፕሮሰሰር ክፍሎች) እና 8 ጊጋ ራም አለው። ታዲያ ሦስቱ ኮር ሥራ ፈትቶ ለምን ይቀመጣል ብዬ ሥራውን ለ4 ትሬድ አካፈልኩት፤ ለእያንዳንዱ 3 ፋይል። አራቱም የሚጽፉት አንድ ሃሽማፕ (ቃሉን ከነቁጥሩ የሚይዝ ሠንጠረዥ) ላይ ነው።

ጣጣው የመጣው እዚህ ጋ ነው። ኮዱን ራን ባደረግኩት ቁጥር ድምሩ ይለያያል። ደግሞ ሁልጊዜ ከትክክለኛው ያንሳል፤ በልጦ አያውቅም። ምንም የስህተት መልእክት የለም። ጨርሻለሁ ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጠኛል። የክፍል ጓደኛዬ «ሲንክሮናይዝድ አድርጊው» አለኝ፤ ሠንጠረዡን ባንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው ማለት ነው፤ አደረግኩት። ድምሩ ገጠመ፤ ግን ከአንዱ ትሬድ የባሰ ቀርፋፋ ሆኖ አረፈው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ቁጥሩ የት ነው የሚጠፋው? ትክክልም ፈጣንም የሚሆንበት መንገድ አለ? ደግሞስ እንደኔ ያለ ጀማሪ ከየት ቢጀምር ይሻለዋል? ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሎክ፣ ሴማፎር፣ ቮላታይል፣ ዴድሎክ እያለ በአንዴ ይዘረግፍብኛል። የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል የሚነግረኝ አጣሁ።

የአያት ልጅ፦

እህት፣ ሃሽማፕ ለብዙ ትሬድ አልተሠራም። ኮንከረንት ሃሽማፕ በሚለው ቀይሪው፤ ጃቫ ውስጥ ከስሪት 5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ። ሲንክሮናይዝዱን አውጪው። ሌላውን ኮድ መንካት አያስፈልግሽም። በርቺ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ሲያልቅ ለእኛም ላኪልን።

ጸሐፊዋ ከቱሉ ዲምቱ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ቀየርኩት። አሁን ፈጠን ብሏል፤ የሚጠፋውም በጣም ቀንሷል። ግን ድምሩ አሁንም አይገጥምም። የማደርገውን ልንገርህ፦ ቃሉን «ጌት» ብዬ ቁጥሩን አወጣለሁ። ከሌለ 1 ብዬ፣ ካለ አንድ ጨምሬ «ፑት» አደርጋለሁ። ሌላ ምንም የለም።

ጋሼ ከየካ አባዶ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ደስ አለኝ። ብዙ ጀማሪ ፈጠነ አልፈጠነም ብቻ ነው የሚያየው። አንቺ ድምሩን አመሳክረሻል። ያንን ባለ አንድ ትሬድ የመጀመሪያ ፕሮግራምሽን እንዳትደመስሺው። ወደፊት ኮዱን በለወጥሽ ቁጥር ውጤቱን ከእሱ ጋር ታስተያያለሽ።

መጀመሪያ ቁጥሩ የት እንደሚጠፋ እንይ። «ነው» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሠንጠረዡ ላይ 41 ደርሷል እንበል። አንደኛው ትሬድ ያነባል፤ 41። ጽፎ ሳይጨርስ ሁለተኛውም ያነባል፤ 41። አንደኛው አንድ ጨምሮ 42 ይጽፋል። ሁለተኛውም አንድ ጨምሮ 42 ይጽፋል። ቃሉ ሁለቴ መጥቷል፤ የተመዘገበው ግን አንዴ ነው። በዚህ መንገድ ቁጥር ይጠፋል እንጂ አይፈጠርም። ሁልጊዜ የሚያንስብሽ ለዚህ ነው።

ተራው ሃሽማፕ ላይ ሌላም ችግር ነበረብሽ። ሲጀምር 16 ክፍል ነው ያለው። የገቡት ቃላት ከ12 ሲያልፉ ራሱን በእጥፍ ያሰፋል፤ የነበሩትንም ወደ አዲሱ ቦታ ያዛውራል። ከዚያ በኋላም በሞላ ቁጥር እንዲሁ ነው። እሱ በማዛወር ላይ እያለ ሌላ ትሬድ አዲስ ቃል ቢያስገባ፣ ቃሉ ከነቁጥሩ ደብዛው ሊጠፋ ይችላል። የአያቱ ወንድማችን ምክር ይህንን አስቀርቶልሻል። የሚጠፋው የቀነሰው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ግን አልተነካም። «ጌት» ለብቻው ደህና ነው። «ፑት»ም ለብቻው ደህና ነው። በሁለቱ መሃል ባለችው ክፍተት ግን ሌላ ትሬድ ይገባል። ይህን ነጥብ ቆም ብለሽ አስቢበት፤ እኔ የማውቃቸው ጎበዝ ልጆች ሁሉ የሚደናቀፉት እዚህ ጋ ነው። ለብዙ ትሬድ የተሠራ ዕቃ ስለተጠቀምሽ ብቻ ያንቺ ኮድ ለብዙ ትሬድ የተሠራ አይሆንም። ኮንከረንት ሃሽማፕ «መርጅ» የሚባል አለው። ማንበብን፣ መደመርንና መጻፍን ሳይቆራርጥ በአንድ እርምጃ ይሠራል። ጌትና ፑትን አውጥተሽ እሱን ብትተኪ ድምርሽ ዛሬውኑ ይገጥማል።

እኔ ግን እዚያ ላይ አላቆምም ነበር። አራቱም ትሬድ ምን እያደረጉ እንደሆነ አስቢው። አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ «ነው»፣ «ላይ»፣ «ግን»፣ «ወደ» በየመስመሩ ይመጣሉ። አራቱም ሁልጊዜ ወደ እነዚሁ ጥቂት ቃላት ይሮጣሉ። «መርጅ» ደግሞ ቃሉ ባለበት ክፍል አንድ በአንድ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ «ነው» ላይ ሰልፍ ይይዛሉ። ሲንክሮናይዝድ ስታደርጊ የዘገየብሽም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰልፉ ለሁሉም ቃል ነበር። ባንድ ጊዜ የሚቆጥረው አንድ ትሬድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ለእያንዳንዷ ቃል ሎክ (ሌላው እንዳይገባ የሚዘጋ ቁልፍ) መያዝና መልቀቅ አለ፤ እሱም ጊዜ ይፈጃል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሠንጠረዡን አታጋሪያቸው። ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ተራ ሃሽማፕ ስጪው። ማንም ስለማይደርስበት ሎክ አያስፈልገውም። አራቱም ሲጨርሱ ዋናው ትሬድ አራቱን ሠንጠረዦች ይደምራል። መጨረሻ ላይ የምትደምሪው የተለያዩትን ቃላት ብቻ ነው። «ነው» ስንት ሚሊዮን ጊዜ ቢመጣም የመጨረሻው ድምር ላይ አራት ቁጥር ብቻ ነው።

ጃቫ ላይ ይህን ለመጻፍ ትሬድ በእጅሽ መፍጠር አይጠበቅብሽም። ኤክስኪዩተር ሰርቪስ የሚባለውን ተጠቀሚ። ቁጥሩ የተወሰነ የትሬድ ፑል፣ ማለትም ሥራ የሚጠብቁ ትሬዶች ስብስብ፣ ይሰጥሻል። ሥራውን ኮለብል (ውጤት የሚመልስ ሥራ) አድርገሽ ታስረክቢዋለሽ፤ ፊውቸር (ውጤቱን ኋላ የምትቀበዪበት ደረሰኝ) ይመልስልሻል። ፊውቸሩን «ጌት» ስትይው ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቅሻል። ያ ትሬድ የጻፈውን ሁሉ አንቺ በትክክል እንደምታዪም ዋስትና ይሰጥሻል። ሥራው ሳያልቅ ሠንጠረዡን ከፍተሽ ብታነቢ ግን ዋስትና የለሽም።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። ፕሮግራምሽ ውስጥ ያለውን ዳታ ሁሉ ዘርዝሪና ከጎኑ ማን እንደሚያነበው፣ ማን እንደሚጽፍበት ጻፊ። ብዙዎች የሚያነቡት፣ ማንም የማይለውጠው ምንም አይጎዳሽም፤ ያሰባሰብሽው ጽሑፍ እንዲህ ነው። አንድ ትሬድ ብቻ የሚጽፍበትና ሌላ የማይነካውም እንዲሁ። የሚያስፈራው ብዙዎች የሚደርሱበትና ቢያንስ አንዱ የሚለውጠው ነው። ያንቺ ፕሮግራም ውስጥ እንዲህ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሃሽማፕ። ሎክ፣ ሴማፎር፣ ቮላታይል የምትያቸው ሁሉ የተፈለሰፉት ይህ የሚያስፈራው ዝርዝር ባዶ ሊሆን ላልቻለባቸው ፕሮግራሞች ነው። መጀመሪያ ባዶ ማድረግን ተማሪ።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ በእኔ ግምት ይህ ነው። አሁን ፑልና ፊውቸር። ቀጥሎ ሲንክሮናይዝድ። ሁለት ሎክ የሚያስፈልግሽ ቀን ዴድሎክን ታጠኛለሽ፤ አንዱ ትሬድ ሎክ «ሀ»ን ይዞ ሎክ «ለ»ን ሲጠብቅ፣ ሌላው «ለ»ን ይዞ «ሀ»ን ሲጠብቅ ማለት ነው። መድኃኒቱም ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲይዙ ማድረግ ነው። ቮላታይልን ለመጨረሻ ተዪው። ብዙ ሰው ቆጣሪውን ያድንልኛል ብሎ ይለጥፈዋል። አያድንም። አዲሱን ዋጋ ሌሎቹ ትሬዶች እንዲያዩት ያደርጋል እንጂ ማንበብና መጻፍን አንድ አያደርግም።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። ቴራክ-25 የሚባል የጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከመጠን በላይ ጨረር ተለቀቀባቸው፤ የሞቱም አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ያንቺው ዓይነት ችግር ነው፤ ሬስ ኮንዲሽን ይሉታል። ባለሙያዋ ያስገባችውን በፍጥነት ስታስተካክል፣ ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል ለውጡን ሳያይ ያልፍ ነበር። ቀስ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ይህ ስህተት አይታይም ነበር። ስለዚህ «እኔ ጋ ሠርቷል» የሚለውን እዚህ ሥራ ላይ አትመኚው። ደጋግመሽ አስኪጂው፤ ትሬዱን ከኮሩ ቁጥር በላይ አድርገሽም ሞክሪው፤ ሁልጊዜም ድምሩን ከመጀመሪያው ፕሮግራም ጋር አስተያዪ።

ጸሐፊዋ ከቱሉ ዲምቱ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። ወረቀቱ ላይ ስጽፈው እውነትም አንዲት መስመር ብቻ ቀረች። እንደነገሩኝ ለየራሳቸው ሃሽማፕ ሰጥቼ መጨረሻ ላይ ደመርኩ። ድምሩ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ገጠመ! ደጋግሜ አስኬድኩት፤ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። 4 ትሬድ ሰጥቼው እጥፍ እንኳ አልፈጠነም። ፕሮሰሰር ስንት ነው ብዬ ጃቫን ስጠይቀው ደግሞ 8 ይለኛል። 4 ኮር አይደለም እንዴ? 8 ትሬድ ባደርገው ይሻል ይሆን?

ኮዬ ፈጬ ማዶ ነኝ፦

ጎረቤት ነን ለካ! እሳቸው እስኪመጡ እኔ ልመልስልሽ።

እጥፍ ያልሞላው ስለ ፋይሎችሽ ነው። አንዱ ፋይል ከግማሽ በላይ ነው ብለሻል። ያንን አንድ ትሬድ ብቻውን ተሸክሞታል። ሌሎቹ ቶሎ ጨርሰው ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ግማሹን ሥራ አንድ ሰው እየሠራ ጠቅላላው ከእጥፍ በላይ ሊፈጥን አይችልም። 8 ትሬድ ብታደርጊም ያው ነው።

ፋይሉን ራሱን ቆራርጪው። ወደ 16 ሜጋባይት የሚጠጋ ቁራጭ ብታደርጊ 3 ጊጋው 190 ቁራጭ ገደማ ይወጣዋል። ትሬዱ አንዱን ሲጨርስ ቀጣዩን ያነሣል። ያኔ ማንም ሥራ ፈት አይሆንም።

አቆራረጡ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ፋይል ውስጥ በባይት የሚቀመጡበት ስልት) ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። በባይት ቆጥረሽ ዝም ብለሽ ከቆረጥሽ «መ»ን ለሁለት ትሰነጥቂዋለሽ፤ ፊደሉ ባይሰነጠቅ እንኳ ቃሉ መሃሉ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ 16 ሜጋ ጋ ስትደርሺ ወዲያው አትቁረጪ። አዲስ መስመር የሚጀምርበት ምልክት እስኪመጣ ወደፊት ሂጂ። ምልክቱ ቁጥሩ 10 የሆነ ባይት ነው። ዩቲኤፍ-8 ውስጥ የፊደል ቁራጭ ሆኖ በፍጹም አይመጣም፤ ስለዚህ ካገኘሽው በእርግጠኝነት የመስመር መጨረሻ ነው።

ስለ 8ቱ፦ ኮርሽ 4 ነው። እያንዳንዱ ኮር ግን ራሱን ሁለት አድርጎ ያሳያል፤ ሃይፐርትሬዲንግ የሚባለው ነው። ሁለቱ የአንዱን ኮር ጉልበት ስለሚጋሩ ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም። በ4ም በ8ም ለክተሽ የተሻለውን ያዢ። አምዳል የሚባል ሰው በ1967 እ.ኤ.አ. ያነሣውን ነጥብም አትርሺ። ከሥራው አንድ አሥረኛው የግድ በተራ የሚሠራ ከሆነ በ4 ኮር የምታገኚው ፍጥነት ከ3 እጥፍ ብዙም አያልፍም። ሺህ ኮር ብትደረድሪም 10 እጥፍ አትደርሺም። ያንቺ በተራ የሚሠራው ክፍል የመጨረሻው መደመር ነው። ዲስክሽ አሮጌው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማንበቡ ራሱ ሊይዝሽ ይችላል።

ፓይተን ብቻ የምችለው፦

ይቅርታ መሃል ገባሁ። ይህ ሁሉ ፓይተን ላይም እንዲሁ ነው? እኔ ትሬድ ጨምሬ ቃል ስቆጥር ምንም አልፈጠነልኝም።

ጋሼ ከየካ አባዶ፦

የኮዬው ልጅ፣ ጎበዝ፤ የምጨምረው የለኝም።

ለፓይተኑ ወዳጃችን፦ የተለመደው ፓይተን ጂአይኤል የሚባል አንድ ትልቅ ሎክ አለው። የፓይተን ኮድ ባንድ ጊዜ በአንድ ትሬድ ብቻ ነው የሚሄደው። ከኢንተርኔት እስኪመጣ የምትጠብቅበት ሥራ ከሆነ ትሬድ ይረዳሃል፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል። ቃል መቁጠር ግን ጥበቃ የለውም፤ ኮሩን የሚያደክም ስሌት ነው። ለዚያ መልቲፕሮሰሲንግ የሚለውን ተጠቀም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሜሞሪ ያለው ፕሮሰስ ይሆናል። ከስሪት 3.13 ጀምሮ፣ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማለት ነው፣ ያለ ጂአይኤል የሚሠራ ፓይተን በሙከራ መልክ አለ። በ3.14 ደግሞ ሙከራ መባሉ ቀርቷል፤ ግን አሁንም ለብቻው የሚጫን ነው።

ጸሐፊዋ ከቱሉ ዲምቱ፦

ኮዬ ፈጬ፣ ተባረኪ/ተባረክ! ቁራጮቹን በአዲስ መስመር ላይ ቆረጥኳቸው። አራቱም ኮር እስከ መጨረሻው ሲሠራ አየሁት። ግን መጨረሻ አካባቢ ሜሞሪ አለቀ ብሎ ቆመ። እያንዳንዱን ቁራጭ ኮለብል አድርጌ ነው ያስረከብኩት፤ እያንዳንዱም የራሱን ሃሽማፕ ይመልሳል።

ኮዬ ፈጬ ማዶ ነኝ፦

ተባረክ ነው። 190 ሃሽማፕ በአንዴ ይዘሻላ! ያለቀው ለዚያ ነው። ጃቫ ሌላ ካልነገርሽው በቀር ከራሙ ሩቡን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ካንቺ 8 ጊጋ 2 ጊጋ ማለት ነው።

ሥራውን በቁራጭ ሳይሆን በትሬድ ስጪ። 4 ኮለብል፣ 4 ሃሽማፕ ብቻ። ቁራጮቹን ቁጥር ስጫቸው። እያንዳንዱ ትሬድ አንድ ሲጨርስ ቀጣዩን ቁጥር ከአንድ አቶሚክ ኢንቲጀር ላይ «ጌት ኤንድ ኢንክሪመንት» ብሎ ያነሣል፤ ቃላቱን በዚያው በራሱ ሃሽማፕ ላይ ይቀጥላል። ጋሼ ባሉሽ ወረቀት ላይ ይቺ ቆጣሪ ብቻ ትቀራለች፤ እሷም ማንበቡንና መጨመሩን በአንድ እርምጃ ስለምትሠራ አትጎዳሽም።

ራም ለመቆጠብ ብለሽ አንዴ ብቻ የታየውን ቃል በየትሬዱ እንዳትጥይ። አራቱም ጋ አንድ አንድ ጊዜ የታየ ቃል ሲደመር 4 ነው። መጣል ካለብሽ ሁሉም ከተደመረ በኋላ ጣይው።